ጎንደር ላይ የት ይበላል? ሥጋ ቤት፣ ሽሮ ቤት፣ አሳ ወይስ ሆቴል

ጎንደር የገባ እንግዳ ሻንጣውን አስቀምጦ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ብሎ ነው። ከዚያ ጥያቄ በፊት ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፤ ዛሬ ምን ቀን ነው? ሰዓቱስ ስንት ነው? ቅዳሜ ማታ ሰው ቆሞ ወንበር የሚጠብቅበት ሥጋ ቤት ረቡዕ በሩ ዝግ ነው። ዓርብ ምሳ ላይ ስምንት ዘጠኝ ዓይነት ትኩስ ወጥ የሚደረድር ቤት እሁድ ማታ የቀዘቀዘ ምስር ያቀርባል። ሁለቱም ጥሩ ቤቶች ናቸው፤ እንግዳው በማይሆን ቀን ከገባባቸው ግን ሁለቱንም ክፉ አድርጎ ያወራቸዋል።

እዚህ የምግብ ቤት ስም አንደረድርም። የአንድ ቤት ጣዕም ያለው በወጥ ሠሪዋ እጅ ነው። እሷ ሥራ ስትለቅ ታፔላው እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል፣ ጣዕሙ ግን አብሯት ይሄዳል። ዓምና የተመሰገነ ቤት ዘንድሮ ሌላ ቤት ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው የቤቱን ዓይነት ከቀኑ ጋር ማዛመድና በር ላይ ቆሞ ጥሩውን ከደካማው መለየት ነው።

ቀኑ

ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ነው። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ በምትባለው ጎንደር ጾሙን አጥብቆ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው። በእነዚህ ቀናት አብዛኛው የክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ አለዚያም መጠጥ ብቻ ይሸጣል። ክፍት ሆኖ ጥብስ የሚሠራ ቢገኝ እንኳ ሥጋው ቢያንስ የትናንት ነው። ማክሰኞ የገባ እንግዳ ሥጋ ካማረው ለነገ ሳያሳድር ያንኑ ማታ ይብላ። ረቡዕ የገባ ደግሞ ሽሮ ቤት ይሂድ፤ በሳምንቱ ውስጥ የጾም ምግብ የሚጣፍጠው በዚያን ቀን ነው። ድስቱ ትልቅ ነው፣ በላተኛውም ብዙ ስለሆነ ወጡ ሳያድር ያልቃል።

ይህ ደንብ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ከፋሲካ ቀጥለው ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ገና ወይም ጥምቀት በእነዚህ ቀናት ላይ ሲውልም እንዲሁ ነው። ከዚህ ሌላ ረጃጅሞቹ አጽዋማት አሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ፍልሰታ ብዙ ሥጋ ቤት ጭራሽ ይዘጋል፤ ባለቤቶቹም ቀለም የሚቀቡትና ወለል የሚያድሱት ያን ጊዜ ነው። በጾመ ነቢያት (ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና) እና በጾመ ሐዋርያት ግን ከረቡዕና ዓርብ በቀር ብዙዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ጎንደር በዐቢይ ጾም ለሚመጣ ሰው ሰዓቱም ይለወጥበታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚወጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ጿሚው ወደ ምግብ ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የጾም ቤቶች ሁለት ጊዜ ይሞላሉ፤ አንዴ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንዴ ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል ላይ። ብዙ ቤት ለሁለተኛው ዙር አዲስ ሽሮ ይጥዳል። 8 ሰዓት ላይ የገባ ሰው የሚደርሰው የመጀመሪያው ዙር ቅሪት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል መታገስ የሚያዋጣበት ቀን ይህ ነው።

የማንን ሥጋ

ከኢትዮጵያ ውጭ ለኖረ ወይም ለውጭ አገር እንግዳ ይህ ግልጽ ላይሆን ስለሚችል እንናገረው። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ምግብ ቤቱ የማን እንደሆነ በር ላይ ወይም ታፔላው ላይ ባለው መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ይታወቃል፤ ምልክት ካጡ ደግሞ «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አስተናጋጁ የሚጠብቀው ጥያቄ ነው። በጎንደር የቆየው የሙስሊም ሰፈር አዲስ ዓለም ነው። እዚያና በገበያው ዙሪያ ያሉ የሙስሊም ምግብ ቤቶች በክርስቲያን ጾም ወቅትም ትኩስ ሥጋ አላቸው፤ ሁለቱንም እርድ ለመብላት ችግር ለሌለበት እንግዳ በዐቢይ ጾም ዋናው መፍትሔ እነሱ ናቸው። በረመዳን ግን ቀን ላይ ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ከመግሪብ በኋላ መሄድ ነው፤ ሾርባውና ሳምቡሳው ገና ከድስት የወጣ ይሆናል።

ሥጋ ቤት

ቀኑ ከፈቀደ፣ ለአንድ ማታ ጎንደር ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያ ምርጫችን ሥጋ ቤት ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ የሚበሉት ነገር ሳይሠራ በፊት ዐይንዎ ፊት ተሰቅሏል። በወጥ ውስጥ የሚደበቅ ነገር ብዙ ነው፤ በተሰቀለ ሥጋ ላይ የሚደበቀው ትንሽ ነው።

በር ላይ ቆመው ሦስት ነገር ይዩ። የቄራው ማህተም ከጭኑ ወይም ከጎኑ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የተቆረጠውን ፊት ይመልከቱ፤ ትኩስ ሥጋ ደማቅ ቀይ ሆኖ ላዩ በስሱ ደረቅ ይላል፣ የቆየው ግን ወደ ቡናማ ይጠጋል፣ ጠርዙም ይጠቁራል። ሦስተኛው የተሰቀለው መጠን ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ግማሽ በሬ ሳይነካ የተሰቀለበት ቤት ገበያ የለውም ማለት ነው። ሻኛውና ሽንጡ አልቆ ጎድንና አንገት ብቻ የቀረበት ቤት ደግሞ ቀን ሲሸጥ የዋለ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ለዛሬ ቢያመልጥዎ ለነገ ይመዝግቡት።

ትዕዛዙ በኪሎ ነው። አጥንት ለሌለው ሥጋ ግማሽ ኪሎ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ጎድን ከነአጥንቱ ከሆነ ለሁለት ሰው ሦስት ሩብ ኪሎ ይዘዙ። ጥሬው ሲጠበስ ውሃው ስለሚወጣ ሳህኑ ላይ የሚመጣው ከተመዘነው አንሶ ይታያል፤ ይህ ተሰረቅሁ የሚያሰኝ አይደለም። ስርቆት የሚገባው ሚዛኑ ጋ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለው አይዘዙ። ቆራጩ አጠገብ ይቁሙ፣ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑን ይዩ፣ ከየትኛው ብልት እንደሚቆረጥልዎ በጣት ያመልክቱ። «ከዚህ ከሽንጡ፣ ትንሽ ጮማ ጨምርበት» ያለ ሰውና «ግማሽ ኪሎ ጥብስ» ብሎ ወንበር የያዘ ሰው አንድ ዓይነት ሥጋ አይበሉም። ከመመዘኑ በፊት ዋጋው ማስጠበሻውን፣ እንጀራውንና አዋዜውን የሚጨምር መሆኑንም ይጠይቁ። ቤቱ የሚለያይበት ነጥብ ይህ ነው፤ ሂሳብ ሲመጣ ጭቅጭቅ የሚነሳውም በዚሁ ነው።

ጥብሱ ራሱ 15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በአምስት ደቂቃ ከመጣ ቀድሞ ተጠብሶ የነበረ፣ አሁን የሞቀ ነው። ሲነክሱት ይታወቃል፤ ጠርዙ ጠንካራ፣ መሃሉ ድርቅ ያለ፣ ቀይ ሽንኩርቱም የጠቆረ ይሆናል። ሸክላ ጥብስ ላይ ይህ ነገር ይበልጥ ይደበቃል፤ ከሰሉ እያጨሰ ስለሚመጣ ሁሉም ነገር ትኩስ ይመስላል። ለማያውቁት ቤት መጀመሪያ ለስለስ ያለ ጥብስ በቃሪያና በሽንኩርት ይዘዙ። ደረቅ ጥብስ ጥሩ እጅ የሚፈልግ ነው፤ ቤቱን ካወቁት በኋላ ይደርሳል።

ቁርጥን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይሻላል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ይችላል፤ ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ ይህን አይከላከልም፤ የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው። ይህን አውቆ ለሚበላ ሰው ቁርጥ የሚበላው በታረደበት ቀን፣ ማህተም ያለው ሥጋ ካለበት፣ ገበያው ፈጣን ከሆነ ቤት ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ በጥብስ ይለፉት። ክትፎ ለሚወድ ሰው ደግሞ የምንለው አንድ ነው፤ ክትፎ የጉራጌ ቤት ሙያ ነው፤ ጎንደር ላይ ያለው ሥጋ በጥብስ ይበልጥ ያምራል።

ሽሮ ቤትና በየዓይነቱ

ዋጋው የጥብሱ ሲሶ ወይም ግማሽ ነው፤ ጣዕሙ ግን ከጥብሱ የማያንስበት ቀን ብዙ ነው። ምርጡ ሰዓት ከ6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል ነው። በየዓይነቱ ጠዋት ተሠርቶ የሚቀመጥ ምግብ ስለሆነ ከ8 ሰዓት በኋላ ጎመኑ ይጠቁራል፣ ድንቹ ይደርቃል፣ ክኩ አልጫ ላዩ ቆዳ ይይዛል።

ተጋቢኖ ግን በየሰዓቱ ይሠራል፤ ለዚህም ነው ለብቻው የሚመጣ፣ ሰዓት ያለፈበት ሰው ተጋቢኖ ይዘዝ የምንለው። ጥሩ ተጋቢኖ ሸክላው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላም መሃሉ እየፈነዳ፣ ጠርዙ ላይ ዘይቱ ቀይ ቀለበት ሠርቶ ይታያል። በእንጀራ ሲጠቅሱት ይያያዛል እንጂ አይንጠባጠብም። ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ካለ ወይም ጥሬ ሽንብራ ከሸተተ ዱቄቱ መጨረሻ ላይ ተነስንሶ ሳይበስል ወጥቷል ማለት ነው፤ ይህ በምሳ ሰዓት ግርግር ጥሩ ቤት ላይም ይደርሳል። «ትንሽ ይንተክተክልኝ» ብለው ይመልሱት፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ማንም አይቀየምም።

ለጿሚ ሰው ሁለት ጥንቃቄ። ቦዘና ሽሮ ሥጋ አለበት፤ ስሙን የማያውቅ እንግዳ ሽሮ ስለተባለ ብቻ አዝዞ ጾሙን ይፈታል። ተጋቢኖም በፍስክ ቀን በቅቤ ሊመጣ ይችላልና «በዘይት» ብለው ይዘዙ። የኑግ ዘይት የሚጠቀም ቤት ካገኙ ልዩነቱን ከመጀመሪያው ጉርሻ ያውቁታል፤ ለሽሮ የኑግን ያህል የሚስማማው ዘይት የለም።

በየዓይነቱ ውስጥ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባና ስልጆ ካሉበት ቤቱ ሙያ አለው። እነዚህ ጊዜ የሚበሉ፣ ብዙ ቤት የተዋቸው ነገሮች ናቸው። ሆኖም ሱፉና ተልባው ሳይፈላ በውሃ ስለሚበጠበጡ ሆዱ ቶሎ የሚታወክ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ቢያልፋቸው ይሻላል። በምትካቸው ምስር፣ ክክና ሽሮ ደህና ናቸው፤ ሁሉም ፈልተው የበሰሉ ናቸው።

እንጀራው ይናገራል

የትኛውም ቤት ይግቡ፣ ወጡ ሳይመጣ እንጀራውን ይዩ። ከጠርዙ ትንሽ ቆርሰው ጣትዎ ላይ ይጠቅልሉት። የጤፍ እንጀራ ሳይሰነጠቅ ይጠቀለላል፤ ዐይኑ እኩል ነው፣ ጀርባው ለስላሳ ነው፣ ሲያኝኩት ቀስ ብሎ የሚመጣ ኮምጣጣነት አለው። በዚህ አካባቢ በብዛት የሚያጋጥመው ድብልቅ የፎገራ ሩዝ ነው። ሩዝ የገባበት እንጀራ ነጭና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ዐይን ይስባል፤ ትኩስ ሆኖ ሲበሉትም ቅር አይልም። ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቃል፤ ሲጠቀለል በመሃሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ነጭ እንጀራ ሁሉ ማኛ ጤፍ ነው ብለው አይገምቱ። ሰርገኛ ወይም ቀይ ጤፍ የሚያቀርብ ቤት ብዙ ጊዜ ስለ እንጀራው የሚጨነቅ ቤት ነው።

እንጀራው የደረቀበት ቤት ወጡ ምንም ቢሆን አያጠግብም። «በልተን ብናየውስ?» ብለው አይሞክሩ፤ አንድ ቡና ጠጥተው ይውጡ።

ዶሮ ወጥና ባህላዊ ቤት

በፋሲል ግቢ ዙሪያና በፒያሳ ላይ ለእንግዳ ተብለው የተሰናዱ ባህላዊ ቤቶች አሉ፤ መሶብ፣ ሰፌድ፣ የቡና ሥርዓት፣ አንዳንዴም ማሲንቆ ይኖራቸዋል። ዋጋቸው ከሰፈር ቤት ከፍ ይላል። ከቤተሰብ ጋር ለመጣ፣ የምግቡን ስም ለማያውቅ የውጭ እንግዳ፣ ወይም ሁሉንም በአንድ መሶብ መቅመስ ለሚፈልግ ሰው ዋጋቸውን ያወጣሉ። ብቻውን ለሚጓዝና ለጣዕሙ ብቻ ለሚሄድ ግን የሰፈር ቤት ይሻለዋል።

የእነዚህ ቤቶች መለኪያ ዶሮ ወጡ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ረጅም ሰዓት ቁልልት ብሎ፣ በርበሬው ውስጡ ሲበስል ቆይቶ፣ 12ቱ ብልት በሎሚና በጨው ታጥቦ ነው የሚገባው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ «አሁን እንሠራልዎታለን» ያለዎት ቤት አይታመን፤ ትክክለኛው ጥያቄ «መቼ ነው የተሠራው?» ነው። የዛሬ ጠዋት ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ትናንት ማታ ተሠርቶ ያደረም አይከፋም፤ እንዲያውም ቅመሙ ይገባበታል። ከዚያ ያለፈው እንቁላሉ ላይ ይታያል፤ አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ይላል፣ ነጩም እንደ ላስቲክ ይሆናል። ሲቀርብልዎ የወጡን ጠርዝ ይመልከቱ። ሽንኩርቱ ለብቻው ሳይለይ ተዋህዶ፣ ቅቤው ከላይ ቀይ ሆኖ ከወጣ በስሏል። የሽንኩርቱ ቅርጽ የሚታይና በርበሬው ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ ችኮላ ነበረበት።

ለቡድን የሚሄዱ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ደውለው ይዘዙ። ለስድስት ሰው አንድ ሙሉ ዶሮ ከ12 ብልቱና ከስድስት እንቁላል ጋር ይበቃል፤ በጎኑ አይብና ጎመን ይጨመር። ቅድሚያ የታዘዘ ዶሮ ወጥና በሜኑ ላይ የሚገኝ ዶሮ ወጥ በጣዕም አይቀራረቡም።

አሳ

ጣና ቅርብ ነው። ከጎርጎራ እስከ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት የወጣ አሳ ለምሳ ይደርሳል። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ የሚሉትን ስሞች ይሰማሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ሰው ቆሮሶ ይዘዝ፤ አጥንቱ ትልልቅ ስለሆነ ለመለየት አያስቸግርም፣ ሥጋውም ጠጠር ያለ ነው። ነጭ አሳ ይጣፍጣል፣ ግን በሥጋው ውስጥ የተሰገሰጉ ቀጫጭን አጥንቶች አሉትና ልጅ ይዘው ከሆነ ይቅርብዎ።

ጉላሽና ለብለብ በአዋዜ ስለሚሠሩ የቆየ አሳ በቀላሉ ይደበቅባቸዋል። ሙሉ ጥብስ ግን ከነጭንቅላቱ ይመጣል። ስለዚህ በማያውቁት ቤት ሙሉ ጥብስ ይዘዙ። ዐይኑ ከሰመጠ፣ ወይም ከመጥበሱ በፊት አሳዩኝ ሲሉ ጉንጩ ውስጥ ያለው ስንጥብ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ከጠቆረ፣ ይመልሱት። ጎኑ በቢላ ሰያፍ ተተልትሎ ከተጠበሰ እስከ አጥንቱ ይበስላል፤ ሥጋው ከአጥንቱ በጣት ሳብ ሲደረግ ከተላቀቀ በቂ ነው። መብራት በጠፋበት ሰሞን አሳ አይዘዙ፤ ፍሪጅ ከሌለ አሳ ከሥጋም በፊት ይበላሻል።

አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ላይ ሰው ይለያያል። አንዳንድ ምግብ ቤት በጾም ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል፣ ብዙ የጎንደር ሰው ግን አይበላውም። ከአካባቢው ሰው ጋር ለጾም ቀን ከተቀመጡ እርስዎ አስቀድመው አይዘዙ።

ሆቴል፣ ቁርስና ጁስ

የሆቴል ምግብ ቤት የሚመረጠው በሦስት ምክንያት ነው፤ ከመሸ ከገቡ፣ ሆድዎ ታውኮ ሩዝና ሾርባ ካስፈለገዎት፣ ወይም ለእይታው። ለእይታ ከተማዋን ከላይ የሚያሳየው ጎሃ ኮረብታ ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ወጥቶ ቡና ወይም ቢራ ይዞ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት፣ እራትን ግን ወርዶ ከተማ ውስጥ መብላት ጥሩ አካሄድ ነው።

ለቁርስ ሆቴል የሚያዋጣው ከክፍሉ ዋጋ ጋር ከተያያዘ ብቻ ነው። ያለበለዚያ በሆስፒታሉ አካባቢና በመናኸሪያው ዙሪያ ያሉ ቤቶች ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ፍርፍር፣ ፉልና እንቁላል አላቸው፤ ሠራተኛውና አስታማሚው በጠዋት ስለሚመጣ ምግቡ አይቆይም። ማራኪ ደግሞ የተማሪ ሰፈር ስለሆነ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚበላበት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ግን ግማሹ ቤት ይቀዘቅዛል። ጁስ ቤት ሲገቡ ፍሬው ፊትዎ ተቆርጦ እንዲፈጭ ይጠይቁ፤ አቮካዶና ማንጎ ውሃ ሳይጨመርባቸው በማንኪያ የሚበሉ ሆነው መምጣት አለባቸው።

ውሃ ጎንደር ላይ የሚቆራረጥ ነገር ነው። ሁሉም ቤት ላይ፣ ከሜኑ በፊት እጅ መታጠቢያውን ይጎብኙ። ቧንቧው ባይወርድ እንኳ ሮቶ ያለው፣ ሳሙና ያስቀመጠ ቤት ሳህኑንም ያጥባል። በጀሪካን ጥግ ላይ የተቀመጠ ደፍራሳ ውሃ ካዩ ሰላጣና ቲማቲም ያለበት ምግብ አይዘዙ።

ማንን ልጠይቅ

የባጃጅ ሾፌር ከተማውን ያውቃል፤ ግን «ጥሩ ምግብ ቤት ውሰደኝ» ሲሉት ለእንግዳ የሚመጥን መስሎ የታየውን ትልቅ ቤት ያስባል። ጥያቄውን ይለውጡት፦ «ወንድሜ፣ አንተ ምሳህን የት ነው የምትበላው?» መልሱ ወዲያው ይለያል። አስጎብኚ ደግሞ ከአንዳንድ ቤት ጋር ትውውቅ ሊኖረው ይችላል፤ የመከረው ቤት መጥፎ ነው ማለት ሳይሆን ዋጋውን አስቀድሞ ማየት ነው።

ከሁሉ የሚሻሉት ቢሮ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የባንክ ሠራተኛ፣ የፋርማሲ ባለሙያ፣ የሱቅ ባለቤት በየቀኑ ምሳ ከውጭ ይበላል፣ ገንዘቡ ውስን ነው፣ የምሳ ሰዓቱም አጭር ነው። ስለዚህ እሱ የሚመላለስበት ቤት ፈጣን፣ ርካሽና የማያሳምም ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቤት ከጠሩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ለጠላና ለአረቄ ደግሞ የሰፈሩን እናቶች ይጠይቁ፤ «እናቴ፣ ጥሩ ጠላ የሚጠምቅ ማን ነው?» ሲሉ በሩን ጭምር ያሳዩዎታል። ጠላ ቤት ታፔላ የለውም፤ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው ምልክቱ።

የስልክ ካርታና የበይነ መረብ አስተያየት ለቦታና ለሰዓት ይጠቅማሉ፣ ለጣዕም ግን አይታመኑም። የሚያዩት አስተያየት የተጻፈበትን ዓመት ይመልከቱ። ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነው ወጥ ሠሪዋም ዋጋውም ተለውጠዋል። ደግሞ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል የመረጡትን ቦታ ስም በወረቀት ይያዙ፤ ገንዘብም በጥሬው ይኑርዎት፣ ቴሌብር ሁሌ አይሠራም። የምሽት ሰዓት ገደብ ካለ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ያውቃል፤ እራት ከመውጣትዎ በፊት እሱን ይጠይቁ።

ሂሳብ

ሰፈር ቤት ያለው ዋጋ እንደተጻፈው ነው። ትልልቅ ቤቶች ላይ ግን ሜኑው ግርጌ የምትገኘውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። ዋጋው አገልግሎትና ተጨማሪ እሴት ታክስ የማይጨምር ከሆነ፣ 400 ብር የተጻፈበት ጥብስ 10 በመቶ አገልግሎት ሲጨመርበት 440፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ታክሱ ሲሰላ 506 ብር ይሆናል። ሁለት ቤት ስታነጻጽሩ ይህን ሳታሰሉ አንዱን ርካሽ አትበሉ።

በጥምቀት ሰሞን

ከተማዋ የምትጨናነቀው ያኔ ነው፤ ብዙ እንግዳ ተርቦ የሚያድርባት ቀንም ጥር 10 ነው። ከተራ ጾመ ገሃድ ስለሆነ ሥጋ የለም፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ደግሞ አስተናጋጁም ወጥ ሠሪዋም አብረው ስለሚወርዱ ከ8 ሰዓት በኋላ ክፍት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ጥር 10 ምሳን በጊዜ፣ ከ6 ሰዓት ሳያልፍ፣ ፒያሳ ላይ በየዓይነቱ ይብሉ፤ ለማታ ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ገዝተው ይያዙ። ጥር 11 ታቦታቱ ሲመለሱ መንገዱ ይዘጋል፤ ሥጋ ቤቶቹ የሚሞቁት ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ጥር 12 ቅዱስ ሚካኤል ሲገባ ግን ግርግሩ ይቀንሳል፣ እርዱም ትኩስ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ ለጥብስ የሚመረጠው ያ ቀን ነው፤ ወንበር ለመያዝ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይድረሱ።